የስፖኪዮውን ሽፋን ራሴ ቀየርኩት

ከሰቆጣ ወደ ጽጽቃ ስንሄድ ከአንድ የጭነት መኪና ጋር ስንተላለፍ የፒክአፓችን የግራ ስፖኪዮ ሽፋን ተሰበረ። መስታወቱ ተርፏል። "ፕላስቲክ አይደል እንዴ፣ ምን ይሆናል?" እንዳትሉኝ። ሽፋን ከሌለው አቧራና ዝናብ እየገባ ውስጡን ይበላዋል።

አዲሱ ሽፋን ከአዲስ አበባ መጣልኝ፤ ገጣሚ ግን አጣሁ። ጋራዥ ለሚሠራ የድሮ ተማሪዬ ደወልኩ። ሳቀና "ቲቸር፣ እርስዎ ራስዎ ይችሉታል" አለኝ።

በስልክ መራኝ። እንደ መኪናው ቢለያይም የኔው እንዲህ ነው፦ መስታወቱን በአንድ ጎን ወደ ውስጥ መግፋት፣ በሌላው ጎን ጨርቅ በተጠቀለለ ካቻቢቴ ቀስ ብሎ ማላቀቅ፣ ሽቦ ካለው መንቀል። ከዚያ የሽፋኑን ክሊፖች ከውስጥ እየተጫኑ ማውጣት፣ አዲሱን "ቀጭ" እስኪል መጫን። ሃያ ደቂቃ አልፈጀም!

ያ ልጅ ድሮ ጥፍሩ ውስጥ ግሪስ ይዞ ሲመጣ "ታጥበህ ና" ብዬ ከክፍል አስወጥቼዋለሁ። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለ እጅን መስደብ በአዋጅ ከልክለዋል። እኔ የታሪክ መምህሩ አዋጁን ጥቁር ሰሌዳ ላይ እየጻፍኩ፣ ያንኑ ንቀት በጨዋ ቃል እደግም ነበር።

መምህራን ወዳጆቼ፣ ግሪስ የነካው እጅ ስታዩ "ምን ጠግነህ መጣህ?" በሉት። ለክፍሉም ያስረዳ፣ ትምህርት ነው።

አንተም ይህን ካነበብክ፣ ይቅርታ አድርግልኝ። ሽፋኑ እስካሁን አልተነቃነቀም።