ስለ ካርኔጊና ስለ ፍሪክ ጠብ ያለኝ አስተያየት



ባለፈው ዓመት በትምህርት ቤታችን የክርክር ክበብ «ውድድር ሀብትን ያሳድጋል ወይስ ያጠፋል?» የሚል ርእስ ቀርቦ ነበር። እኔም «ያሳድጋል» ከሚሉት ወገን ሆኜ ስለ አሜሪካ የብረት ከበርቴዎች ብዙ ተናገርሁ፤ ጭብጨባውም አልጎደለብኝም። ከዚያ ወዲህ ግን ስለነዚሁ ሰዎች ይበልጥ ሳነብ፥ ያን ቀን ያልተናገርሁት ከተናገርሁት እንደሚበልጥ ተረዳሁ። እነዚህን ሰዎች ክፉኛ የጎዳቸው ከውጭ የመጣው ተወዳዳሪ ሳይሆን በገዛ ማኅበራቸው ውስጥ ሳይጻፍ የቀረው ቃል ነው። ይህን ጉድለቴን ለመሙላት የመጽሔታችንን ገጽ ለመንሁ። የምጠቅሰው ዘመን ሁሉ እንደ ኤውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

አንድሩ ካርኔጊ በ1835 በስኮትላንድ፥ ዳንፈርምሊን በምትባል ከተማ፥ ከእጅ ሸማኔ ቤት ተወለደ። በእንፋሎት የሚሠራው የሽመና መኪና የአባቱን እንጀራ ስለ ነጠቀ ቤተ ሰቡ በ1848 ወደ አሜሪካ ተሰደደ። ልጁም በጥጥ ፋብሪካ ተቀጥሮ በሳምንት 1 ዶላር ከ20 ሳንቲም ያገኝ ጀመር። ከዚያ የቴሌግራም ተላላኪ፥ ከዚያም የምድር ባቡር ሹም ሆነ። በ1875 በፔንሲልቫኒያ ክፍለ ሀገር፥ ብራዶክ በተባለ ስፍራ፥ ታላቁን የአረብ ብረት ፋብሪካ ከሸሪኮቹ ጋር ከፈተና «ኤድጋር ቶምሰን» ብሎ ሰየመው። ኤድጋር ቶምሰን የፔንሲልቫኒያ ምድር ባቡር ፕሬዚዳንት የነበረ ሰው ነው፤ ምድር ባቡሩም ዋና የሐዲድ ገዢ ነበር። ብልኅነቱን እናንተው ፍረዱ።

ካርኔጊ ከሁሉ ይልቅ የሚመረምረው ወጪን ነበር። አንድ ቶን ብረት ስንት የከሰል፥ ስንት የማዕድን፥ ስንት የጉልበት ዋጋ እንደ በላ በየጊዜው በመዝገብ እየተጻፈ እንዲቀርብለት ያደርግ ነበር። ስለዚህ ገበያ ሲቀዘቅዝ ሌሎቹ ምድጃቸውን ሲያጠፉ እርሱ ዋጋውን ዝቅ አድርጎ ይሸጥ ነበር።

ሄንሪ ክሌይ ፍሪክ በ1849 ተወለደ። የእርሱ ሀብት ኮክ ነው። ኮክ ማለት የድንጋይ ከሰል አየር በማያገኝበት ምድጃ ተቃጥሎ የሚቀረው ብርቱ ማገዶ ነው፤ የብረት ማዕድን የሚቀልጠው በእርሱ ነው። ፍሪክ ገና በወጣትነቱ በኮኔልስቪል አገር የኮክ ምድጃዎችን እየገዛ ገበያውን በእጁ አደረገ። ካርኔጊ ብረት ያለ ኮክ እንደማይሠራ ስለሚያውቅ በ1880ዎቹ መጀመሪያ ከፍሪክ የኮክ ማኅበር ላይ ድርሻ ገዛ፤ በ1889ም ፍሪክን የብረት ማኅበሩ ሊቀ መንበር አደረገው። እንግዲህ ሻጩና የገዢው አለቃ አንድ ሰው ሆኑ ማለት ነው። ነገሩ ሲታይ መልካም ይመስላል፤ ለእኔ ግን የኋላው መዘዝ ሥር ይህ ነው።

የ1892ቱን የሆምስቴድ አደጋ ሳላነሣ ባልፍ እንደ ገና ጉድለት ይሆንብኛል። በዚያ ዓመት ሠራተኞቹ በደመወዝ ምክንያት ከማኅበሩ ጋር ሲጣሉ ፍሪክ 300 የሚያህሉ የፒንከርተን ዘበኞችን በወንዝ በጀልባ አስመጣ፤ ሐምሌ 6 ቀንም በተደረገው ተኩስ ከሁለቱም ወገን ቢያንስ 10 ሰዎች ሞቱ። ካርኔጊ በዚያን ጊዜ በስኮትላንድ ነበር። ቀደም ሲል ስለ ሠራተኞች ማኅበር መብት በጋዜጣ የጻፈው እርሱ፥ ለፍሪክ ግን በደብዳቤ ድጋፉን ይገልጽለት ነበር፤ ደም ከፈሰሰ በኋላ ነቀፌታው በፍሪክ ላይ ሲበረታ አልተከላከለለትም። ሁለቱ ከዚያ በኋላም አብረው መሥራታቸውን ቀጠሉ፤ መተማመናቸው ግን የቀጠለ አይመስለኝም።

በ1899 የኮክ ዋጋ በገበያ ላይ በጣም ከፍ አለ። ካርኔጊ «ለብረት ፋብሪካችን ቶኑን በ1 ዶላር ከ35 ሳንቲም ለመስጠት ተስማምተናል» አለ። ፍሪክ «እንዲህ ያለ ውል የለም» አለ። ስምምነት ተብሎ የተነገረው በቃል ብቻ ነበርና ማን እውነቱን እንደ ተናገረ ወረቀት ሊፈርድ አልቻለም። አባቶቻችን በቃል ያለ ይረሳል፥ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል የሚሉትን፥ የሳንቲሙን ወጪ በመዝገብ የሚያሰፍረው ካርኔጊ እንዴት ሳተው? በዓመቱ መጨረሻ ፍሪክ ከሊቀ መንበርነቱ ወረደ።

አሁን ደግሞ የተጻፈው ውል መጣ። በ1887 ሸሪኮቹ «ብረት ለበስ» የሚሉትን ስምምነት አድርገው ነበር። ከዚያ ቀደም ባለው ዓመት የካርኔጊ ወንድም ሞቶ፥ ካርኔጊም ራሱ በጽኑ ታሞ ስለ ነበር፥ አንድ ሸሪክ ቢሞት ማኅበሩ ድርሻውን ለመክፈል ሲል እንዳይፈርስ ነው የተጻፈው። ድርሻው የሚከፈለው በመዝገብ ላይ በሰፈረው ዋጋ እንጂ በገበያ ዋጋ አይደለም። ደግሞም ከሸሪኮቹ ከአራት ሦስቱ እጅ ከተስማሙ አንዱን ሊያስወጡት ይችላሉ። ለሟች ወራሽ የታሰበው ውል በ1900 መጀመሪያ በሕያው ፍሪክ ላይ ተመዘዘ። የፍሪክ ድርሻ ከመቶ 6 እጅ ሲሆን የመዝገቡ ዋጋ ወደ 5 ሚሊዮን ዶላር ግድም ነበር።

እኛም በሒሳብ ክፍለ ጊዜ እንደምናደርገው እናስላው። ማኅበሩ በ1899 ያተረፈው 21 ሚሊዮን ዶላር ነው፤ የዚህ ከመቶ 6 እጅ 1 ሚሊዮን 260 ሺህ ይሆናል። እንግዲህ ፍሪክን የሚያሰናብቱት ድርሻው በአራት ዓመት በሚያስገኘው ትርፍ ብቻ ነው። ፍሪክ ከሰሰ፤ የማኅበሩ ምስጢር በፍርድ ቤት እንዳይዘረገፍ ተፈርቶ በመጋቢት 1900 ታረቁ። ማኅበሩ በ320 ሚሊዮን ዶላር እንደ ገና ተቋቋመ፤ ፍሪክም 31 ሚሊዮን የሚያህል አክሲዮንና ቦንድ ደረሰው። በ1901 ጄ. ፒ. ሞርጋን የካርኔጊን ማኅበር በ480 ሚሊዮን ዶላር ገዛው። ባለጸጎቹ በኒውዮርክ በአንድ ጎዳና ላይ፥ አንዱ በ91ኛው ሌላው በ70ኛው መንገድ አጠገብ ቤት ሠርተው ኖሩ፤ ሁለቱም በ1919 ሳይታረቁ ሞቱ።

አንዳንድ ጓደኞቼ «ሁለቱም ሚሊዮኖች ይዘው ሄዱ፤ ምን ጎደለባቸው?» ይሉኛል። እኔ የማስበው ስለ ሚሊዮኖቹ አይደለም። ሚሊዮን ያለው ሰው ጠበቃ ቀጥሮ 5ቱን 31 ያደርጋል። ትንሽ ገንዘብ ያለው ሰው ግን በመዝገቡ ዋጋ ይሰናበታል፤ ወይም የሠራበትን መሣሪያ ትቶ በባዶ እጁ ይወጣል።

ነገሩ እኔንም ይነካኛል። እኔና ሦስት ጓደኞቼ ትምህርታችንን ስንጨርስ ትንሽ የእንጨት ሥራ ቤት ለመክፈት ቃል ተግባብተናል። አንዱ መጋዝ ያመጣል፥ አንዱ የአጎቱን መጋዘን፥ ሁለታችን የቆጠብነውን ገንዘብ። አንዱ ቢወጣ ወይም ቢታመም ድርሻው በስንት እንደሚገመት ግን አንድ ቀን እንኳ አልተነጋገርንም። ይህን ለአባቴ ባጫውታቸው «እስከ ዛሬ ስንት ጊዜ ተጣልታችኋል?» ብለው ጠየቁኝ። «አንድ ጊዜም አልተጣላንም» አልኋቸው። «እንግዲያው ወረቀትና ቀለም አምጣ» አሉኝ።

ውሉን አንድ ገጽ አድርጌ ጻፍሁት። መገመቻው የዕቃው የተገዛበት ዋጋ ሳይሆን በሚወጣበት ቀን ያለው ዋጋ እንዲሆን፥ ግምቱንም በየዓመቱ እንድናድሰው፥ ካልተስማማንም ከእኛ ውጭ ያለ አንድ የእንጨት ሥራ አዋቂ እንዲገምትልን አልሁ። ወረቀቱን ሳሳያቸው ሁለቱ አንብበው ፈረሙ። ሦስተኛው «አታምነኝም ማለት ነው?» ብሎ ተቀይሞ ሄደ። ይህን መጽሔት እንደሚያነብ ስለማውቅ ስሙን አልጠራም፤ የፊርማው ቦታ ግን ከስሜ በታች ባዶውን ይጠብቀዋል።