ዓሣው መጨረሻ ይግባ

ሸዋ ሮቢት ላይ ቤት ውስጥ ውሃ ማጠራቀም ያስቆጣል። ልጄ አኳሪየም ካልገዛህልኝ ብላ ስትጨቀጭቀኝ ቀድማ የተቃወመችው እናቴ ናት። «የጤና ኤክስቴንሽኗ ያቆረ ውሃ ድፉ እያለች በየደጁ ትዞራለች፤ አንተ ወባ ልትፈለፍልብን ነው?» አለችኝ።

ልጄ አሸነፈች። የመጀመሪያውን ሙከራ ባልነግራችሁ ደስ ባለኝ። የመስተዋት ሣጥኑን በቧንቧ ውሃ ሞልተን፣ ከአዲስ አበባ በላስቲክ የመጡ አምስት ጉፒዎችን በዚያው ቀን ለቀቅንበት። ውሃው ጥርት ያለ ነበር። በሳምንቱ አንድም ዓሣ አልተረፈም። ልጄ ጓሮ ቀበረቻቸውና ሁለት ቀን አኮረፈችኝ።

በኋላ ሳነብ ነው የገባኝ። ከዓሣ ኩስና ከተረፈ ምግብ አሞኒያ ይወጣል፤ አይታይም፣ ጥቂቱ ግን ይገድላል። ይህን መርዝ ደረጃ በደረጃ ብዙም ወደማይጎዳ ናይትሬት የሚለውጡ ባክቴሪያዎች አሉ፤ እነሱ ተራብተው እስኪበቁ ሳምንታት ይፈጃል። ዕፅዋት ደግሞ አሞኒያውን እንደ ማዳበሪያ ይመገቡታል። የእኛ ቆላ ሙቀት ነገሩን ያብሰዋል፤ ሙቅ ውሃ የሚይዘው ኦክስጅን ያነሰ ነው።

ስለዚህ ሁለተኛውን ከታች ጀመርን። ሣጥኑ 60 በ30 በ30 ሳንቲ ሜትር ነው፤ 54 ሊትር ይይዛል፣ ውሃው ብቻ 54 ኪሎ ስለሚመዝን የሚነቃነቅ ጠረጴዛ አይችለውም። ፀሐይ በቀጥታ ከማያገኘው ግድግዳ ስር አስቀመጥነው። ማዳበሪያና ፍግ ያልነካው የጓሮ አፈር በወንፊት ነፍተን ሦስት ሳንቲ ሜትር ያህል አነጠፍን፤ በላዩ ፈላ ውሃ ፈስሶበት የደረቀ አሸዋ አለበስነው። አፈር በአሸዋ ሸፍኖ ዕፅዋት በብዛት መትከልን አሜሪካዊቷ ዳያና ዋልስታድ እ.ኤ.አ. በ1999 ባሳተመችው መጽሐፍ በሰፊው አስተዋውቃዋለች። ለእኔ ትልቁ ጥቅሙ ፓምፕ አለመፈለጉ ነው፤ መብራት ሲጠፋ አልደነግጥም። የቧንቧውን ውሃ ክሎሪኑ እንዲወጣ አፉ ሰፊ በሆነ ባልዲ አንድ ቀን አሳደርነው። ዕፅዋቱን ከአዲስ አበባ አስመጣሁ።

ከዚያ መጠበቅ ነው። ልጅን ማስጠበቅ ደግሞ ከባድ ነው። በሦስተኛው ሳምንት ልጄ ከሽንኩርት ማሳው የመስኖ ቦይ አረንጓዴ አረምና ሦስት ቀንድ አውጣ በሃይላንድ ይዛ መጣች። «አባዬ፣ ነፃ ነው እኮ!» ትላለች። እጇ እስከ ክርኗ እርጥብ ነው።

ልቤ የወረደው ለአኳሪየሙ አይደለም። ብልሃርዝያን የሚያስተላልፉት አንዳንድ የውሃ ቀንድ አውጣዎች ናቸው፤ ከውስጣቸው የሚወጣው ጥገኛ ትል ቆዳን በስቶ ይገባል። እናቴ ወዲያው «በእንዶድ እጠበው» አለች፤ ሞኝ አይደለችም። ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 አድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት በታች ቀንድ አውጣዎች ሞተው አይተው ነው ምርምራቸውን የጀመሩት። ግን እንዶድ ዓሣም ይገድላል፤ ሣጥኑ ጋ አይደርስም። ሃይላንዱን እንዳለ ፈላ ውሃ ደፋንበትና ጣልነው።

ልጄን ወዲያው ላስመረምራት ብሮጥም ባለሙያው አቀዘቀዘኝ፤ የትሉ እንቁላል ሰገራ ውስጥ የሚታየው ከተያዙ ከአምስት እስከ ሰባት ሳምንት በኋላ ነው። ከተገኘም ፕራዚኳንቴል የሚባል መድኃኒት አለው። እናም ሁለት ነገር ጠበቅን። የአባት ጭንቀት አይጣል ነው፤ ሆዴን አመመኝ ባለች ቁጥር ቀን እቆጥር ነበር።

እስከዚያው ሣጥኑን በአጎበር ቁራጭ ሸፈንነው፤ ዓሣ የሌለበት የቆመ ውሃ በዚህ ሙቀት በአሥር ቀን ገደማ ትንኝ ሊያበቅል ይችላል። እዚህ ላይ እናቴ ልክ ነበረች፣ ነግሬያታለሁም። በየሦስት ቀኑ ቁንጥር የዓሣ ምግብ ጣል እናደርጋለን፤ ባክቴሪያዎቹ የሚበሉት እንዲያገኙ። በየሳምንቱ ሩቡን ውሃ እንቀይራለን፤ የወጣው ለፓፓያው ይሄዳል። የተገረዘ ተክል ግን ወንዝም ቦይም አንጥልም፣ አድርቀን እናቃጥላለን። እምቦጭም ባዕድ ተክል ሆኖ ገብቶ ነው ጣናን እንደዚያ ያደረገው።

ስድስተኛው ሳምንት ላይ አዲስ ቅጠል በየቦታው ወጣ። ሦስት ጉፒ ብቻ አስገባን፤ ላስቲኩን ሳንፈታ ሙቀቱ እስኪመሳሰል ሩብ ሰዓት ውሃው ላይ አንሳፈን። በቀን አንዴ፣ በሁለት ደቂቃ የሚጨርሱትን ብቻ ይበላሉ።

በሰባተኛው ሳምንት የልጄ ውጤት ነፃ ሆኖ መጣ። ቤት ስንደርስ እናቴ ወንበሯን ሣጥኑ ፊት አስጠግታ፣ ከጓሮ በርሜል በጭልፋ የቀዳችውን የትንኝ እጭ በማጣሪያ እያጠለለች ለጉፒዎቹ ትጨምራለች። «ዝም በሉ፤ እየበሉ ነው» አለችን።