የምስጋና ስጦታና መማለጃ

ሰው ለተደረገለት በጎ ነገር ማመስገኑ በማናቸውም አገር የተከበረ ልማድ ነው። ማመስገን የማያውቅ ሰው ጎረቤት አያፈራም፤ ወዳጅም አይበረክትለትም። ይሁን እንጂ ምስጋና ከቃል አልፎ በስጦታ በሚገለጽበት ጊዜ አንድ ጥያቄ ይከተለዋል። ይኸውም፤ ይህ ስጦታ ምስጋና ነው፤ ወይስ ዋጋ፤ ወይስ መማለጃ? የሚል ነው። ሦስቱ በመልክ ይመሳሰላሉ፤ በጠባይ ግን እጅግ ይለያያሉ። ልዩነታቸውን ገና በትምህርት ቤት ሳለ፤ ወይም በመሥሪያ ቤት የመጀመሪያውን ወንበር በያዘበት ሰዓት ያላወቀ ሰው፤ ኋላ ጉዳይ ተደርድሮበት፤ ባለጉዳይ ከብቦት ለመለየት ቢሞክር መቸገሩ አይቀርም።

ነገሩን በምሳሌ ለማስረዳት ለጊዜው ወደ እንግሊዝ አገር ገጠር እንሻገር።

በዚያ አገር የዱር ርግብና ጥንቸል፤ ወይም ፌዛንት የተባለውን ባለ ረጅም ጅራት ወፍ በጠመንጃ ማደን የሚወድ ሰው ብዙ ነው። ከነዚህ ውስጥ ብዙዎቹ ግን የራሳቸው መሬት የላቸውም። ስለዚህ አዳኙ ወደ አንድ ባለመሬት ገበሬ ይሄድና በእርሻው ላይ እንዲያድን ይፈቅድለት ዘንድ ይጠይቃል። ገበሬውም የሰውየውን አነጋገርና ጠባይ መርምሮ ደስ ካለው ይፈቅድለታል። ገንዘብ የሚያስከፍል ባለመሬት አለ፤ ምንም ሳይጠይቅ የሚፈቅድም አለ። በነፃ የተፈቀደለት አዳኝ ግን ዝም ብሎ አይቀርም። የገና በዓል ሲደርስ አንድ ጠርሙስ ዊስኪ ይዞ የገበሬውን ደጅ ያንኳኳል። አንዳንዱ ካደናቸው ወፎች ጥንዱን መርጦ፤ ላባቸውን ነጭቶ፤ ለድስት አዘጋጅቶ ለቤቱ እመቤት ያስረክባል። ሌላው ደግሞ ዕረፍቱን ትቶ የወደቀ አጥር ያቆማል፤ በጎች በሚወልዱበት ወራት ገበሬውን ያግዛል። ይህን አድርግ ብሎ የሚያዘው ሕግ የለም። የሚያዘው ይሉኝታና ጨዋነት ነው።

የዚህ ፈቃድ ክብደት የሚታወቀው የአገሩን የአደን ሕግ ታሪክ ሲመለከቱ ነው። እ.ኤ.አ. በ1671 በወጣው ሕግ መሠረት በዓመት 100 ፓውንድ የሚያስገባ ርስት የሌለው ሰው፤ ጥቂት ወገኖች ሲቀሩ፤ ለአደን የተከለሉትን ወፎችና አውሬዎች እንዳይገድል ተከልክሎ ነበር። ትንሽ መሬት ያለው ገበሬ በገዛ ማሳው ላይ አዝመራውን የሚበላበትን አውሬ እያየ እጁን አጣጥፎ ለመቀመጥ ይገደድ ነበር ማለት ነው። ይህ አሠራር 160 ዓመት ቆይቶ በ1831 በወጣው ሕግ ተሻረ። ይኸው የ1831 ሕግ በእሑድና በገና ቀን ፌዛንትና ቆቅ የመሳሰሉትን ማደን የከለከለ ሲሆን፤ ክልከላው በእንግላንድና በዌልስ እስከ ዛሬ ይሠራበታል። ቀጥሎም በ1880 መሬት ተከራይቶ የሚያርሰው ገበሬ ሰብሉን የሚያጠፉበትን ጥንቸሎች የመግደል መብት በሕግ ተሰጠው። ይህንም መብት ባለርስቱ በውል ሊያስቀርበት እንዳይችል ሕጉ ጨምሮ ደነገገ።

አንድ ሌላም ነገር አለ። በእንግሊዝ ሕግ የዱር እንስሳ በሕይወት ሳለ የማንም ንብረት አይደለም። ነገር ግን በ1865 የሎርዶች ምክር ቤት ስለ ጥንቸሎች በተነሣ ክርክር እንደ ፈረደው፤ አንድ ሰው ሳይፈቀድለት በሌላው መሬት ላይ ገብቶ የገደለው አውሬ የባለመሬቱ ንብረት ይሆናል። በ1968 የወጣው የጦር መሣሪያ ሕግ ደግሞ ያለ ፈቃድና ያለ በቂ ምክንያት ጠመንጃ ይዞ በሰው መሬት መግባትን ራሱን ወንጀል አድርጎታል። እንግዲህ የገበሬው አንዲት «እሺ» የምትል ቃል ተራ ቃል አይደለችም። ያችን ቃል ያገኘ ሰው አዳኝ ይባላል፤ ያላገኘው ግን ወንጀለኛ ይሆናል።

ምናልባት አንድ አስተዋይ ተማሪ፤ «የዱር ርግብ የገበሬውን ጎመን ዘርና አተር የሚያጠፋ ከሆነ፤ አዳኙ ገበሬውን ጠቀመው እንጂ መቼ ተጠቀመ? ታዲያ ስጦታው ስለ ምንድን ነው?» ብሎ ይጠይቅ ይሆናል። ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሱም ስጦታው ስለ ርግቡ አይደለም የሚል ነው። ገበሬው ልጆቹ በሚጫወቱበት፤ በጎቹ በሚሰማሩበት መሬት ላይ ጠመንጃ የያዘ እንግዳ እንዲገባ ሲፈቅድ የሰጠው እምነቱን ነው። እምነት ደግሞ በገበያ ስለማይሸጥ ዋጋው አይታወቅም። አዳኙ የሚያመሰግነው ስለዚህ እምነት ነው።

ከዚህም የተነሣ ባለመሬቶቹ ከጠርሙሱ ይልቅ የሚመለከቱት የሰውየውን ሥራ ነው። የግጦሹን መስክ በር ከፍቶ ትቶ ከብት ያስበተነ፤ የጥይት ቀለሁን በማሳው ውስጥ ዘርቶ የሄደ፤ ሳያስፈቅድ ጓደኞቹን አስከትሎ የመጣ አዳኝ የቱን ያህል የከበረ መጠጥ ቢያመጣ በሚቀጥለው ዓመት በሩ ይዘጋበታል። በሩን እየዘጋ፤ ቀለሁን እየለቀመ፤ የታመመ በግ ሲያይ ለገበሬው እየነገረ የከረመ ሰው ግን ባዶ እጁን ቢመጣም አይታፈርበትም። ስጦታ የመልካም ጠባይ ማኅተም ነው እንጂ የመልካም ጠባይ ምትክ አይደለም።

በዚህ ምሳሌ ውስጥ የእውነተኛ ምስጋና ምልክቶች ተሰብስበው ይገኛሉ። መጀመሪያ፤ ፈቃዱን የሰጠው ሰው የሰጠው የራሱን ነው። ሁለተኛ፤ ስጦታው የመጣው ከፈቃዱ በኋላ እንጂ ፈቃዱን ለማግኘት አይደለም። ሦስተኛ፤ ስጦታው መጠነኛ ስለሆነ የተቀባዩን ፍርድ አያጣምምም። አራተኛ፤ ጎረቤት እያየ፤ በፊት ለፊት በር የሚገባ ነው። ከአራቱ ዋናው የመጀመሪያው መሆኑን አንባቢዎቻችን እንዲያስተውሉልን እንወዳለን። ሰው የራሱን ሰጥቶ ቢመሰገን፤ ቢሸጥም እንኳ፤ ማንም አይፈርድበትም። የራሱ ያልሆነውን ሰጥቶ የግሉን ምስጋና ቢቀበል ግን የሌላውን ሰው ላም አልቦ ወተቱን ለራሱ እንደ ጠጣ ይቆጠራል።

ይህን በግልጽ ለማየት ያንኑ እንግሊዛዊ አዳኝ ከእርሻው እስከ ከተማው እንከተለው። አዳኙ ከገበሬው ፈቃድ ሌላ ሁለተኛ ፈቃድ ያስፈልገዋል። ይኸውም ጠመንጃ ለመያዝ የሚያበቃው የምስክር ወረቀት ነው። ይህን ወረቀት የሚሰጠው የአካባቢው ፖሊስ ሲሆን፤ በየ5 ዓመቱ ይታደሳል። አዳኙ ማመልከቻውን ያቀርባል፤ ጠባዩ ይመረመራል፤ የተወሰነውንም ክፍያ ይከፍላል። ለገበሬው ያመጣውን የመሰለ ጠርሙስ ይዞ ወደ መርማሪው ፖሊስ ቢሄድ ግን ነገሩ ይለወጣል። እ.ኤ.አ. በ2010 ወጥቶ በ2011 የጸናው የእንግሊዝ የጉቦ ሕግ የመንግሥትን ሥራ ለማዛባት የሚሰጠውንም የሚቀበለውንም ይቀጣል፤ ዋጋው የተከፈለው ሥራው ከተሠራ በኋላ ነው ማለትም ከቅጣት አያድንም። ሰውየው አንድ ነው፤ ጠርሙሱም አንድ ዓይነት ነው። በእርሻው ደጅ ጨዋነት የሆነው በመሥሪያ ቤቱ ደጅ ነውር የሆነው ስለ ምንድን ነው? ገበሬው የመሬቱ ጌታ ሲሆን ፖሊሱ ግን የወረቀቱ ጌታ ስላልሆነ ነው። ወረቀቱ የሕዝብ ነው፤ ፖሊሱም ደመወዝ የሚከፈለው ለሚገባው እንዲሰጥ፤ ለማይገባው እንዲከለክል ነው።

አሁን ወደ አገራችን እንመለስ። በኢትዮጵያ በ1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት እንዲሆን ታወጀ። በ1987 ዓ.ም. የወጣውም ሕገ መንግሥት መሬት የመንግሥትና የሕዝብ መሆኑን በአንቀጽ 40 ደነገገ። አደንም ቢሆን ከመንግሥት በሚገኝ ፈቃድ ብቻ የሚደረግ ነው። ስለዚህ እንደ እንግሊዙ ገበሬ፤ «በመሬቴ ላይ አድን» ብሎ የሚፈቅድና በገና ስጦታ የሚመሰገን ባለርስት በእኛ ዘንድ የለም። ያለው በወንበር ላይ የተቀመጠ የመንግሥት ሠራተኛ ነው። የእርሻ ይዞታ ወረቀት፣ የንግድ ፈቃድ፣ የቤት ካርታ፣ የአደን ፈቃድ፤ ይህ ሁሉ በእጁ ያልፋል፤ ግን አንዱም የእሱ አይደለም። እንግዲህ ፈቃድ ሰጪው ሁሉ የሰው ንብረት አስተላላፊ በሆነበት አገር የምስጋናና የመማለጃ ድንበር ከሌላው አገር ይልቅ ጠብቆ መያዝ ይገባዋል።

በአነጋገራችንም ውስጥ ይህን ድንበር የሚያደበዝዙ ቃላት አሉ። «እጅ መንሻ» የሚለው ቃል በመጀመሪያ አክብሮትን የሚያመለክት ነበር፤ ኋላ ግን ጉቦ ፊቱን የሚሸፍንበት ነጠላ ሆነ። «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚለውም ተረት ሹመትን እንደ አዝመራ ቆጥሮ፤ ወራቱ ሳያልፍ እጨድ የሚል ምክር ነው። ነገር ግን ያልዘራውን የሚያጭድ ሰው ምን ይባላል? በ2007 ዓ.ም. የወጣው የሙስና ወንጀሎች አዋጅ ለዚህ ዓይነቱ ሰው መልስ አለው። ሕጉ ግን በየጠረጴዛው ሥር ሊገኝ አይችልም፤ በየጠረጴዛው ዘንድ መገኘት ያለበት የሠራተኛው ኅሊና ነው።

ለወጣት ሠራተኛ ከባዱ ፈተና በፖስታ ተሸፍኖ የሚመጣው ብር አይመስለን። ያ ነውርነቱ ግልጽ ነው። ከባዱ ፈተና ከሩቅ ቀበሌ በእግራቸው የመጡ አንድ ሽማግሌ ወረቀታቸውን ከተቀበሉ በኋላ በማግሥቱ አንድ ገንቦ ማር ይዘው ሲመለሱ ነው። በልባቸው ክፋት የለም። ሥራው ካለቀ በኋላ ስለመጡም ጉቦ አይመስልም። ነገር ግን ሽማግሌው ማሩን ያመጡት መብታቸው እንደ ውለታ ስለታያቸው ነው። ማሩን የተቀበለ ሠራተኛ፤ «አዎን፤ ውለታ ነው» ብሎ አረጋገጠላቸው ማለት ነው። ወሬው ወደ ቀበሌያቸው ይደርሳል። በሚቀጥለው ሳምንት የሚመጣው ጎረቤታቸው ማሩን አስቀድሞ ይዞ ይመጣል። ከእሱ ቀጥላ የምትመጣው ቀፎ የሌላት መበለት ግን ባዶ እጇን መቅረብ አፍራ ከደጅ ትቆማለች። እነሆ፤ በአንድ ገንቦ ማር የአንዲት ድኻ መብት ተሸጠ፤ የሸጠውም ሠራተኛ መሸጡን አላወቀም።

ታዲያ ሽማግሌውን አሳፍሮ መመለስ ይገባልን? ከቶ አይገባም። ስጦታን በቁጣ የሚገፋ ሠራተኛ ከጉቦ ቢድንም ከትዕቢት አልዳነም። ብድግ ብሎ፤ በሁለት እጁ ጨብጦ፤ «አባቴ፤ እኔ የሠራሁት ደመወዝ የሚከፈለኝን ሥራ ነው። ወረቀቱም የራስዎ ነበረ። ማሩን ለልጅ ልጆችዎ ያድርሱልኝ፤ እኔን ግን ይመርቁኝ» ሊላቸው ይችላል። በአገራችን ምርቃት ትንሽ ነገር አይደለም። ምርቃት ለሀብታሙም ለድኻውም እኩል የተሰጠ ሀብት ነው፤ ቀፎ የሌላት መበለትም አላት። በችሎት ቢጠየቁበት አያሳፍርም፤ ለሚቀጥለው ባለጉዳይም ዕዳ ሆኖ አይተርፍም። የመንግሥት ሠራተኛ ሳይሰጋ ሊቀበለው የሚችለው የምስጋና ስጦታ ይህ ነው።

ተማሪዎችም ይህ ነገር አይመለከተንም እንዳይሉ እንለምናለን። ከፈተና በፊት ለመምህር የሚቀርብ ስጦታና ትምህርት ከተፈጸመ በኋላ መምህሩን በቤቱ ጠይቆ ማመስገን አንድ አይደሉም። ነጥብ የመምህሩ የግል ሀብት አይደለምና አይሰጥበትም፤ አይሸጥምም። በ20 ዓመቱ ይህን ለይቶ ያወቀ ተማሪ በ30 ዓመቱ በወንበር ሲቀመጥ አዲስ ትምህርት አያስፈልገውም።

ባጭሩ፤ አንድ ሰው ስጦታ በእጁ ይዞ በፊታችን በቆመ ጊዜ ራሳችንን ልንጠይቅ የሚገባን ጥያቄ አንድ ነው። የሰጠሁት የራሴን ነውን? የራሳችን ከሆነ እንደ እንግሊዙ ገበሬ በደስታ እንቀበል፤ አመስጋኙንም ቡና አጠጥተን እንሸኝ። የሕዝብ ከሆነ ግን ስጦታውን በአክብሮት እንመልስ፤ ምርቃቱን እንቀበል፤ ቀጥሎም በደጅ የቆመውን ባለጉዳይ እንጥራ።