ከሱሪ ሥር የተሸሸገ ሽጉጥ

በአገራችን መሣሪያ የሚያዘው እንዲታይ ነበር። ጠመንጃውን በትከሻው አንግቶ ወደ ገበያ የሚወርደው ባላገርም፣ ዝናሩን ታጥቆ ከሠርግ ቤት የሚገባው ጐልማሳም መሣሪያውን ቢደብቀው ኖሮ ከያዘበት ምክንያት ግማሹ ይጠፋ ነበር። የታየ መሣሪያ ባለቤቱን ያስከብራል፤ ሌላውንም አስቀድሞ ያስጠነቅቃል። ደብቆ የያዘ ግን አንድ ክፉ ነገር ያሰበ ነው ተብሎ ይጠረጠራል። እንዲህ ባለ ልማድ ያደገ ሰው፣ በዛሬው የአሜሪካ ከተሞች ውስጥ ብዙ ሕግ አክባሪ ሰዎች ሽጉጣቸውን ከኮት ሥር፣ ከቀበቶ ውስጥ፣ አልፎም ከቁርጭምጭሚታቸው ላይ አስረው በሱሪ ሸፍነው ወደ ሥራ እንደሚሄዱ ሲሰማ ቢደነቅ አይፈረድበትም።

ሆኖም ነገሩ ለመደነቅ ብቻ የሚበቃ አይደለም። በዚያ አገር ብዙ ወገኖቻችን ይኖራሉ፤ ለትምህርት የሚሄደውም ጓደኛችን ብዙ ነው። እዚህም ቢሆን በ2012 ዓ.ም. በወጣው የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177 ምክንያት፣ ማን መሣሪያ ይያዝ፣ እንዴትስ ይያዝ የሚለው ጥያቄ በየመሥሪያ ቤቱ ያለ ወጣት ሹም ሊያስብበት የሚገባ ጉዳይ ሆኗል። (ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ግን ሁሉም እንደ ፈረንጅ አቈጣጠር ናቸው።)

በመጀመሪያ ስለ ዕቃው። ከቁርጭምጭሚት ላይ የሚታሰረው የሽጉጥ ማኅደር ሰፊ ጥብጣብ ያለው የቆዳ ወይም የጨርቅ ኪስ ነው። ቀኝ እጁን የሚጠቀም ሰው በግራ እግሩ የውስጥ በኩል ያስረዋል፤ በውጭ በኩል ቢሆን ከበርና ከወንበር ጋር ይጋጫል፣ ለቀኝ እጁም ይርቃል። ሥጋን እንዳይልጥ በውስጡ የበግ ለምድ ወይም ሌላ ለስላሳ ነገር ይለበጣል። ወደ ታች እንዳይንሸራተት ደግሞ ከባት በላይ የሚታሰር ሁለተኛ ጥብጣብ ይጨመርለታል። ለዚህ ዓይነት አያያዝ ሲሠራበት የቈየው አምስት ጥይት የሚጐርሰው ትንሹ የስሚዝ ኤንድ ዌሰን ሽጉጥ ነው። በ1950 ዓ.ም. የወጣው የብረቱ ዓይነት ከግማሽ ኪሎ ይበልጣል፤ በኋላ አካሉ ከአሉሚኒየም የተሠራው ግን 425 ግራም ያህል ይመዝናል።

ግማሽ ኪሎ ከወገብ ላይ ቢታሰር ምንም አይደለም። ከእግር ላይ ሲሆን ግን በእያንዳንዱ እርምጃ አብሮ የሚወዛወዝ ሸክም ነው፤ ቀኑን ሙሉ የሄደበት ሰው ማታ አንዱ እግሩ ከሌላው ይልቅ ይደክመዋል። የመንገድ አቧራና የእግር ላብ ወደ ብረቱ ይገባል፤ ስለዚህ ቶሎ ቶሎ ማጽዳት ያስፈልጋል። ሱሪው ሰፊ መሆን አለበት። (የዘመኑ ወጣት የሚለብሰው ጠባብ ሱሪ ካልሲም የሚደብቅ አይደለምና ይህ አያያዝ ለእኛ ትውልድ የተፈጠረ አይመስልም።) ከሁሉ የሚከፋው ደግሞ በችግር ጊዜ የቆመ ሰው ሽጉጡን ለማውጣት ማጐንበስ፣ ሱሪውን በአንድ እጁ ወደ ላይ መሰብሰብና ብረቱን በሌላው መሳብ ያለበት መሆኑ ነው። ጠላቱ እስኪያጐነብስ ይጠብቀዋል ማለት ዘበት ነው። የሚመቸው ለተቀመጠ ሰው፣ ይልቁንም ወገቡ በመኪና ቀበቶ ለተያዘ ሹፌር ነው። ስለዚህ የቁርጭምጭሚት ማኅደር የቈየ ተጠቃሚ ከወገቡ ላይ ሌላ ሽጉጥ ያለው ፖሊስ ነው፤ ከእግሩ ላይ ያለው የክፉ ቀን መጠባበቂያው ነው። በ2004 ዓ.ም. የወጣ የፌዴራል ሕግም በሥራ ላይ ያሉና በጡረታ የተሰናበቱ ፖሊሶች ሥርዓቱን እስካሟሉ ድረስ በማናቸውም ግዛት ሽጉጥ ደብቀው እንዲይዙ ፈቅዶላቸዋል።

ስለ ምቾት ይህን ያህል ማውራት ቀልድ ሊመስል ይችላል። ነገር ግን የፖለቲካው ሥር ከዚሁ አጠገብ ነው። የሚቈረቍር ሽጉጥ ከቤት ይቀራል፤ የማይሰማ ሽጉጥ ግን ከባለቤቱ ጋር ገበያ ይሄዳል፣ ቤተ ክርስቲያን ይሳለማል፣ ከጎረቤት ጋር ጠብ ሲነሣም አብሮ ይገኛል። ስለዚህ ፋብሪካዎች በማሳነስ ይወዳደራሉ። ሩገር የተባለው ፋብሪካ በ2008 ዓ.ም. ያወጣው የኪስ ሽጉጥ ያለ ጥይት ከ300 ግራም ያነሰ ነው። ተራው ሰው ሽጉጡን ይዞ መዋሉን እስኪረሳ ድረስ ዕቃው ሲቀል፣ ሕጉም በየግዛቱ እየላላ ሄዷል።

የሚያስገርመው የሕጉ ታሪክ ከእኛ ልማድ ተነሥቶ ወደ ተቃራኒው መድረሱ ነው። በ1813 ዓ.ም. የኬንታኪና የሉዊዚያና ግዛቶች መሣሪያ ደብቆ መያዝን ከለከሉ። የሉዊዚያና ጠቅላይ ፍርድ ቤትም በ1850 ዓ.ም. በሰጠው ፍርድ መሣሪያን በግልጽ መያዝ መብት መሆኑን፣ ደብቆ መያዝ ግን ወደ ስውር ግድያ የሚመራ መሆኑን ተናገረ። በዚያ ዘመን የነበሩት ዳኞች ከእኛ ባላገር ጋር ቢወያዩ በዚህ ነገር ሳይስማሙ አይቀሩም ነበር።

ከተሞች ሲሰፉ ግን ግልጹም መሣሪያ አስፈሪ ሆነ። በ1911 ዓ.ም. የኒው ዮርክ ግዛት ቲሞቲ ሱሊቫን በተባለው የምክር ቤት አባል ስም የሚጠራውን ሕግ አውጥቶ ለትናንሽ ሽጉጦች ፈቃድ ጠየቀ። ቈይቶም ሽጉጥ ደብቆ ለመያዝ የሚፈልግ ሰው ከሌላው ሕዝብ የተለየ በቂ ምክንያት ማቅረብ ግዴታ ሆነበት። በሌላ በኩል ፍሎሪዳ በ1987 ዓ.ም. የተወሰነውን ሁኔታ ላሟላ አመልካች ሁሉ ፈቃዱ እንዲሰጥ ወሰነች፤ ብዙ ግዛቶችም ተከተሏት። ይህችው ፍሎሪዳ በ2025 ዓ.ም. የይግባኝ ፍርድ ቤት ክልከላውን እስኪያፈርሰው ድረስ ሽጉጥን በግልጽ መያዝን ትከለክል ነበር። የተደበቀው ተፈቅዶ የታየው ይቀጣ ነበር ማለት ነው! ከዚያም አላስካ በ2003፣ አሪዞና በ2010፣ ቴክሳስ በ2021 ዓ.ም. ፈቃዱን ራሱን አስቀሩት። ከጥንትም ፈቃድ ጠይቃ የማታውቀው ቨርሞንት ሳትቀር ተቈጥራ፣ ያለ ፈቃድ ደብቆ መያዝን የሚፈቅዱት ግዛቶች በ2024 ዓ.ም. 29 ደረሱ።

በሰኔ 2022 ዓ.ም. የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በስድስት ድምፅ ለሦስት የኒው ዮርክን ሕግ አፈረሰ። ፍርዱን የጻፉት ዳኛ ክላረንስ ቶማስ፣ አንድ ዜጋ በሕገ መንግሥት የተሰጠውን መብት ለመጠቀም የተለየ ችግር እንዳለበት ለሹም ማስረዳት የለበትም አሉ። የመሣሪያ ሕግ ሁሉ የሚመዘነውም ከአገሪቱ የቀድሞ ልማድ ጋር በመስማማቱ እንዲሆን ወሰኑ። ታዲያ የቀድሞው ልማድ ደብቆ መያዝን ይከለክል አልነበረምን? መልሳቸው፣ እነዚያ ግዛቶች የተደበቀውን የከለከሉት ግልጹን ፈቅደው ስለ ነበር ነው፣ ሁለቱንም አንድ ላይ መንፈግ ግን አይቻልም የሚል ነው። በሕግ አነጋገር መልሱ ጠንካራ ነው። ዳሩ ግን ኒው ዮርክ ምርጫው ሲቀርብላት የመረጠችው የተደበቀውን ነው። የ16 ሰዓት ትምህርትና የ2 ሰዓት የተኩስ ልምምድ ጠይቃ፣ እንደ ምድር ውስጥ ባቡርና እንደ ታይምስ አደባባይ ካሉ ስፍራዎች ሽጉጥን ከልክላ፣ በቀረው ስፍራ ባለ ፈቃዱ ደብቆ እንዲይዝ ፈቀደች። ከሁለት መቶ ዓመት በፊት የነውር ምልክት የነበረው አሁን የጨዋነት ምልክት የሆነው፣ እንደሚመስለኝ፣ የከተማ ሰው አጠገቡ ሽጉጥ መኖሩን ቢታገሥም ማየቱን ስለማይታገሥ ነው።

ጥቅሙንና ጉዳቱን በሚመለከት ሊቃውንቱ ለረጅም ጊዜ ተከራክረዋል። ጆን ሎት የተባለው የኢኮኖሚ ሊቅ በ1998 ዓ.ም. ባሳተመው መጽሐፍ፣ ወንጀለኛ ማን እንደ ታጠቀ ስለማያውቅ ይፈራል፣ ወንጀልም ይቀንሳል ሲል ጻፈ። በ2004 ዓ.ም. የአገሪቱ የምርምር ምክር ቤት ማስረጃውን መርምሮ ወንጀል ቀነሰም ጨመረም ለማለት አይበቃም አለ። ጆን ዶናሂውና ባልደረቦቹ ደግሞ በ2019 ዓ.ም. ባወጡት ጥናት፣ ፈቃዱን ያቀለሉት ግዛቶች ከአሥር ዓመት በኋላ የኀይል ወንጀላቸው ባያቀልሉ ኖሮ ይሆን ከነበረው ከ13 እስከ 15 በመቶ ከፍ ብሎ እንደ ተገኘ አሳዩ። እኔ ወደዚህ የመጨረሻው አዘነብላለሁ። በክርክሩ መካከል የሚረሳ ሌላ ቍጥር አለ፦ በ2021 ዓ.ም. በአሜሪካ በመሣሪያ ከሞቱት 48,830 ሰዎች መካከል ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ራሳቸውን ያጠፉ ናቸው።

አሁን ወደ ወገኖቻችን እንመለስ። በዋሽንግቶን አካባቢ በሌሊት ታክሲ የሚነዳ ወይም ሱቅ የሚጠብቅ ኢትዮጵያዊ መዘረፍን ቢፈራ፣ ሽጉጥ ስለ መያዝም ቢያስብ እውነት አለው። አስቀድሞ ሊያውቀው የሚገባው ግን የመኖሪያ ፈቃዱን ዓይነት ነው። ቋሚ ነዋሪ የሆነ ሰው በፌዴራል ሕግ መሣሪያ ሊኖረው ይችላል። በተማሪ ቪዛ የገባ ግን እንደ አደን ፈቃድ ያለ ጠባብ ልዩ ሁኔታ ከሌለው በቀር ሽጉጥ ሊይዝ ቀርቶ አንዲት ጥይት እንኳ እንዲኖረው አልተፈቀደለትም፤ ቅጣቱም ከ2022 ዓ.ም. ወዲህ እስከ 15 ዓመት እስራት ይደርሳል። ጓደኛው ወደ ተኩስ ሜዳ ወስዶ፣ እስኪ ሞክራት ብሎ ቢያቀብለው አለማወቁ ብዙ አይረዳውም።

ቋሚ ነዋሪውም ቢሆን ከወንዙ መጠንቀቅ አለበት። በአሌክሳንድሪያ የሚኖር አንድ ሹፌር ከቨርጂኒያ ሽጉጥ ደብቆ የመያዝ ፈቃድ አወጣ እንበል። ማኅደሩን ከግራ ቁርጭምጭሚቱ ላይ አስሮ፣ ሱሪውን አልብሶ ተሳፋሪውን ይዞ የፖቶማክን ድልድይ ይሻገራል። ድልድዩ ጥቂት ደቂቃ ነው። በዋሽንግቶን ግን የቨርጂኒያ ፈቃድ አይሠራም፤ ሜሪላንድም አትቀበለውም። ያለ ከተማይቱ ፈቃድ ሽጉጥ ይዞ የተገኘ ሰው እስከ 5 ዓመት ሊታሰር ይችላል። ዜጋ ላልሆነ ሰው ደግሞ የመሣሪያ ወንጀል ፍርድ ከአገር የሚያስወጣ ምክንያት ነው። ማኅደሩ በበግ ለምድ የተለበጠና የሚመች ከሆነ፣ ሹፌሩ ሽጉጡን የሚያስታውሰው ፖሊስ መኪናውን ሲያስቆመው ነው።