ልጅ እንደ ሰንጋ አይደለብም

«ዶክተር፣ ልጄ ምግብ አልበላ አለኝ። እባክዎ የምግብ ፍላጎት የሚከፍት ሽሮፕ ይዘዙልኝ።»

ውድ ወላጆች፣ ይህን ሳልሰማ የምውልበት ቀን ጥቂት ነው። በቅርቡ ከሰንጋ ተራ አንዲት እናት የ1 ዓመት ከ8 ወር ልጇን ይዛ መጣች። ባንክ ነው የምትሠራው፤ ጠዋት ወጥታ ማታ ትመለሳለች። ቀን ልጁን የምታበላው ሞግዚት ናት። እናትየው በቀን ሦስት አራት ጊዜ ትደውልና «በላ?» ትላለች። ሞግዚቷም «አልበላም» ላለማለት ልጁን እግሯ መሃል አስገብታ፣ እጁን ይዛ አጥሚቱን ትግተዋለች። ልጁ አሁን ገና ሳህን ሲያይ ማልቀስ ጀምሯል።

መዘንኩት፣ ቁመቱን ለካሁት፣ የእድገት መከታተያ ካርዱን አየሁ። ልጁ ደህና ነው። የታመመው የምግብ ሰዓቱ ነው።

ሰንጋ ማለት የደለበ በሬ ነው። በሬ ይቀለባል፣ ይደልባል፣ ገበያ ይወጣል። ልጅ ግን አይደለብም። አቋሜን በግልጽ ልናገር፦ ልጅን አስገድዶ ማብላት፣ በተለይም መጋት፣ ከቤታችን መውጣት አለበት።

ልጅ ለምን እምቢ ይላል?

3 ኪሎ ሆኖ የተወለደ ልጅ አንድ ዓመት ሲሞላው 9 ኪሎ ገደማ ይደርሳል። በ12 ወር 6 ኪሎ ጨመረ ማለት ነው። በሁለተኛው ዓመት ግን የሚጨምረው ከ2 እስከ 2.5 ኪሎ ብቻ ነው። እድገቱ ሲረጋጋ የምግብ ፍላጎቱም አብሮ ይረጋጋል። እናት «ድሮ ይበላ ነበር፣ አሁን ምን ነካው?» የምትለው በዚህ ጊዜ ነው። ብዙውን ጊዜ ምንም አልነካውም።

በዚሁ ዕድሜ ልጅ «እምቢ» ማለትን ይማራል፤ አዲስ ምግብም ይፈራል። አንድን ምግብ እስኪለምድ 10 ወይም 15 ጊዜ ማየትና መቅመስ ሊያስፈልገው ይችላል። እኛ ግን ሁለት ጊዜ ሞክረን «እንቁላል አይወድም» ብለን እንፈርድበታለን።

ሌላው ምክንያት ሆዱ ባዶ አለመሆኑ ነው። ብስኩት፣ ጁስ፣ ሻይ፣ በጡጦ የሚጠጣ ወተት ሲወስድ የዋለ ልጅ ምሳ ላይ አይራብም።

መጋት ምን ይጎዳል?

እያለቀሰ የሚጋት ልጅ ትን ሊለው ይችላል። አጥሚቱ ወደ አየር ቧንቧ ሲገባ ያፍነዋል፤ ሳንባው ውስጥ ከገባም ለሳንባ ምች ያጋልጠዋል። ከዚህ ያመለጠውም ቢሆን ምግብን ከፍርሃት ጋር ያያይዛል። ራቡንና ጥጋቡን ማዳመጥም ይረሳል።

አልበላም ባለ ቁጥር «እንጥሉ ወርዶ ነው» ተብሎ እንጥሉ የሚቆረጥ፣ የወተት ጥርሱ የሚነቀል ሕፃንም አለ። እባካችሁ! ይህ ለደም መፍሰስ፣ ለኢንፌክሽን፣ ለቴታነስና ለሞት ያጋልጣል። የምግብ ፍላጎትን ግን አይመልስም።

ሽሮፑስ? ለዚህ ተብለው ከሚሸጡት አንዱ ሳይፕሮሄፕታዲን የአለርጂ መድኃኒት ነው፤ ልጁን ያስተኛዋል፣ ሲቆም ደግሞ የጨመረው ፍላጎት ይጠፋል። ያለ ሐኪም ትእዛዝ አትስጡ።

«በእኛ ሀገር እንዴት አታስገድዱ ይባላል?»

ተገቢ ጥያቄ ነው። በ2008 ዓ.ም በተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት፣ በሀገራችን ከ100 ከአምስት ዓመት በታች ሕፃናት 38ቱ የቀነጨሩ ነበሩ፤ አዲስ አበባ ውስጥ 15 ያህሉ። ነገር ግን ያው ጥናት ሌላም ነገር ይነግረናል፦ ከ6 እስከ 23 ወር ካሉት ሕፃናት መካከል በዓይነትም በድግግሞሽም በቂ ምግብ ያገኙት ከ100 ሰባቱ ብቻ ናቸው። ለብዙ ቤት ጉዳዩ የኑሮ ውድነት እንደሆነ አውቃለሁ። አቅም ባለበት ቤት ግን ልጁ ቀኑን ሙሉ ቀጭን አጥሚት ተግቶ ሆዱ ይሞላል፤ ብረትና ፕሮቲን ግን ይጎድለዋል። መፍትሔው የተሻለ ምግብ ማቅረብ ነው። ጉልበት መጨመር አይደለም።

ምን እናድርግ?

አሜሪካዊቷ የሥነ ምግብ ባለሙያ ኤሊን ሳተር ሥራውን ለሁለት ከፍላዋለች፤ እኔም እስማማለሁ። ምን፣ መቼና የት እንደሚበላ የሚወስነው ወላጅ ነው። ይብላ አይብላ፣ ምን ያህል ይብላ የሚለውን የሚወስነው ልጁ ነው።

1. በቀን 3 ዋና ምግብና 2 መክሰስ፣ በየ2 ወይም 3 ሰዓቱ አቅርቡ። በመሃል ውኃ ብቻ። ጡት የሚጠባ ከሆነ መጥባቱን ይቀጥል።
2. ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ጠብቁ። ካልበላ ሳትቆጡ፣ ሳትለምኑ አንሱ።
3. ትንሽ አቅርቡ፤ ከፈለገ ይጨመርለታል።
4. ገንፎውን ወፈር አድርጉት፤ ዘይት ወይም ቅቤ፣ እንቁላል፣ ወተት ጨምሩበት። ምስር፣ ክክ፣ ጎመን፣ ካሮት፣ አቮካዶ አፈራርቁ። አዲሱን ከሚወደው ጋር አቅርቡ።
5. አብራችሁ ብሉ። በእጁ ይንካ፣ ያቡካ፣ ይቆሽሽ። ጉርሻ በባህላችን ፍቅር ነው፤ ፍቅር የሚሆነው ግን ተጎራሹ አፉን ሲከፍት ነው።
6. ስልክና ቴሌቪዥን ይዘጋ።
7. ከ1 ዓመት በኋላ የላም ወተት በቀን ከ500 ሚሊ ሊትር፣ ማለትም ከሁለት ብርጭቆ ገደማ አይብለጥ። ሻይ አትስጡ፤ ብረት ወደ ሰውነት እንዳይገባ ያደርጋል።

ሐኪም ማየት ያለበት መቼ ነው?

• ክብደቱ ከቀነሰ ወይም መጨመር ካቆመ
• ከ6 ወር እስከ 5 ዓመት ያለ ልጅ የክንዱ ዙሪያ ከ12.5 ሴንቲ ሜትር ካነሰ (ከ11.5 በታች ከሆነ ዛሬውኑ)
• ሲውጥ የሚቸገር፣ ሲበላ ሁልጊዜ ትን የሚለው ከሆነ
• ትውከት፣ ተቅማጥ ወይም ትኩሳት ከቆየበት
• ከገረጣ፣ አፈር የሚበላ ከሆነ፣ እግሩ ካበጠ
• ከጥቂት ምግቦች በቀር ምንም የማይነካ ከሆነ
• ጨቅላ ሕፃን ጡት አልጠባም ካለ፣ ወይም ልጁ በፍጥነት የሚተነፍስ ከሆነ፣ በዚያው ቀን

ለዚያች እናት ሽሮፕ አላዘዝኩም። አንድ ነገር ብቻ ለመንኳት፦ ስትደውዪ «በላ?» አትበዪ፤ «ምን አቀረብሽለት?» በዪ። ሞግዚቷም ከተጠያቂነት ጭንቀት ትገላገላለች።

ከአንድ ወር በኋላ ሦስቱም አብረው መጡ። ክብደቱ በዕድሜው ልክ ጨምሯል። ሽሮ ፍትፍት በራሱ እጅ፣ ፊቱን እየቀባ እንደሚበላ የነገረችኝ ሞግዚቷ ናት። እየሳቀች።

ልጃችሁን የሚያበላው ሌላ ሰው ከሆነ ይህን ጽሑፍ አንብቡላት። ለሌሎች ወላጆችም አጋሩ።