የዕለት ማስታወሻ ስለ መጻፍ

ትልቁን ነገር የሚጽፈው ብዙ ነው፤ ትንሹን የቤት ነገር ግን ባለቤቱ ካልጻፈው ማንም አይጽፈውም። የእንግሊዝ የባሕር ኃይል ጉዳይ ጸሐፊ የነበረው ሳሙኤል ፒፕስ፥ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ከ1660 እስከ 1669 ዓ.ም. የዕለት ማስታወሻ ይጽፍ ነበር። በ1666 ለንደን ስትቃጠል የከተማዪቱን ጥፋት ጻፈ፤ ወይኑንና የኢጣልያ አይቡን በጕድጓድ መቅበሩንም አልተወም። የቃጠሎው ታሪክ በሌላም መጽሐፍ ይገኛል፤ የሰውዬው የቤት ጭንቀት ግን የሚገኘው በዚሁ ነው።

እኔም የቀድሞ ማስታወሻዬን ሳነብ፥ ከሹመቱና ከፍርዱ ነገር መካከል «ዛሬ ልጄ ፊደል ሲቈጥር ቢሳሳት እናቴ ከልብዋ ሳቀች» የሚል አገኘሁ። የዚያ ዘመን ፍርድ በመዝገብ ቤት ተቀምጦአል፤ እናቴ ካረፈች ወዲህ ግን ሳቅዋ ከዚህች መሥመር በቀር ማደሪያ የለውም። ስለዚህ አንባቢዎች ሆይ፤ ማታ መብራት ሳታጠፉ ስለ ቤታችሁ አንዲት ቃል ጻፉ።