እንግዳ ሲመጣ ከተማችንን ማን ያሳየው?

በየመሥሪያ ቤቱ ለወጣት ሠራተኛ ከሚሰጡት ትእዛዞች መካከል በደብዳቤ የማይጻፍ አንድ ትእዛዝ አለ፤ ይኸውም «እነዚህን እንግዶች ዛሬ ከተማውን አሳያቸው» የሚለው ነው። ትእዛዙ ሲሰጥ እጅግ ቀላል ይመስላል። መኪናው ተዘጋጅቷል፤ እንግዶቹም ለማየት ጓጉተዋል። ነገር ግን መኪናው ከግቢው በር ከወጣ በኋላ ሾፌሩ «ወዴት ልንዳ?» ብሎ በጠየቀ ጊዜ፥ ስንት ፈተና አልፎ ዲግሪውን የተቀበለው አስተናጋጅ ለዚህች አጭር ጥያቄ መልስ ያጣል።

መልስ ባጣም ጊዜ የሚያደርገው የታወቀ ነው። እንግዶቹን ወደ አንድ ትልቅ ሆቴል ወስዶ ምሳ ያበላቸዋል፤ ከዚያም የገጸ በረከት ዕቃ ከሚሸጥበት ሱቅ ያደርሳቸዋል፤ ማታ ደግሞ ዘፈንና ጭፈራ ከሚታይበት ምግብ ቤት ያስቀምጣቸዋል። ይህን ማድረግ ነውር አይደለም። ሆኖም እንግዳው ወዳገሩ ሲመለስ አዲስ አበባን አየሁ ለማለት አይችልም፤ ያየው በራሱም አገር የሚገኘውን ዓይነት ሆቴል ነውና።

ከዚህ የበለጠ የሚያሳዝነው ግን በከተማው ተወልዶ ያደገው፥ ወይም ለትምህርት መጥቶ አራትና አምስት ዓመት የኖረው ወጣት ራሱ ከተማውን ሳያውቅ መቅረቱ ነው። «በእጅ ያለ ወርቅ እንደ መዳብ ይቆጠራል» እንደሚባለው፥ በስድስት ኪሎ ግቢ ውስጥ እየተማረ በዚያው ግቢ ያለውን ቤተ መዘክር ደጁን እንኳ ሳይረግጥ የሚመረቅ ተማሪ ጥቂት አይደለም። እንግዳ ተቀባዮች ነን እያልን እንመካለን። ነገር ግን እንግዳ መቀበል ማለት ማብላትና ማጠጣት ብቻ አይደለም፤ ቤቱን አውቆ ማሳየትም ጭምር ነው። ስለዚህ አንድ ቀን ብቻ ያለው እንግዳ በአዲስ አበባ ምን ቢያይና ምን ቢቀምስ እንደሚበጅ፥ በዛሬው ጽሑፋችን እንደ መሰለን እናመለክታለን።

ጠዋት ከእንጦጦ መጀመር ይገባል። ምክንያቱም ከተማን ከላይ አስቀድሞ ያየ ሰው በኋላ በመንገዱ ሲዘዋወር አይጠፋበትም። ሁለተኛም የከተማው ታሪክ የሚጀምረው ከዚያ ነው። ዳግማዊ ምኒልክ በ1882 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥት ተብለው ዘውድ የጫኑት በእንጦጦ ማርያም ነው። እቴጌ ጣይቱ የፍል ውሃውን ሜዳ ወደው፥ በ1879 ዓ.ም. ከተማ እንዲቆረቆር ያደረጉትና ስሙንም አዲስ አበባ ያሉት ከዚሁ ተራራ ወርደው ነው። እንግዳው በተራራው ላይ የሚያየውን ዛፍ ስሙን ቢጠይቅ፥ ባሕር ዛፍ የተባለው ከባሕር ማዶ፥ ከአውስትራሊያ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ስለ መጣ መሆኑን ሊነግሩት ይገባል። የማገዶ እጥረት ያስጨነቃት ከተማ በቦታዋ ጸንታ የቀረችው በብዙ ረገድ በዚህ ዛፍ ነው። እንግዲህ አንድ ዛፍ ብቻ እያሳዩ የአንድ ከተማ ታሪክ መናገር ይቻላል ማለት ነው። በ2013 ዓ.ም. የተከፈተው የእንጦጦ ፓርክም ለእግር መንገድ የተመቸ ነው። ይሁን እንጂ ከተማው ራሱ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ፥ የእንጦጦ ጫፍ ደግሞ ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ስላለው፥ ትናንት ከቆላ አገር የመጣን እንግዳ ቁልቁልና ዳገት ማስሮጥ ደግነት አይደለም። ቀስ ብሎ ይራመድ፤ ውሃም ይጠጣ።

ሲመለሱ በሽሮ ሜዳ በኩል ነው። የሸማ ልብስ የሚፈልግ እንግዳ ከሆቴል ሱቅ ይልቅ እዚህ ቢገዛ፥ ጥበቡን እያወዳደረ ለመምረጥ ይችላል። ከዚያ ስድስት ኪሎ ይደረሳል። በአደባባዩ መካከል የቆመው ሐውልት የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. ፋሺስቶች ለፈጇቸው የአዲስ አበባ ሰዎች መታሰቢያ ነው። በዚህ ስፍራ መኪና አቁሞ መውረድና በአጭሩ ማስረዳት የአስተናጋጁ ግዴታ ነው፤ በመስኮት እያሳዩ ማለፍ ግን አይገባም።

ከሐውልቱ ፊት ለፊት ያለው የዩኒቨርሲቲ ግቢ የቀድሞው የገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ነው። በታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. የመንግሥት ግልበጣ ሙከራ ጊዜ ሚኒስትሮችና መኳንንት ታግተው የተገደሉት በዚሁ ቤት ውስጥ ሲሆን፥ በ1954 ዓ.ም. ዩኒቨርሲቲ ሆኖ ተመረቀ። ዛሬ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ቤተ መዘክር የሚገኘው በዚህ ሕንፃ ነው። የልዩ ልዩ ሕዝቦች የኑሮ ዕቃ፥ ሥዕልና የሙዚቃ መሣሪያ በሥርዐት ተደርድሮ ይታያል፤ የንጉሠ ነገሥቱም መኝታ ክፍል ሳይቀር ለተመልካች ክፍት ነው። ከሕንፃው ፊት ለፊት ወደ ሰማይ የሚያመራ፥ ነገር ግን የትም የማያደርስ የሲሚንቶ ደረጃ አለ። ኢጣሊያኖች የሙሶሊኒን የሥልጣን ዓመታት በየደረጃው ሊቆጥሩበት የሠሩት ነው። ከነጻነት በኋላ ኢትዮጵያውያን አላፈረሱትም፤ ከጫፉ ላይ አንበሳ አስቀመጡበት። ለእንግዳ የሚነገር ብዙ ቃል ያለው ታሪክ ቢጠፋ እንኳ ይህ አንድ ደረጃ ይበቃል።

ጥቂት ወረድ ብሎ አምስት ኪሎ በብሔራዊ ሙዚየም ድንቅነሽ ትገኛለች። በኅዳር 1967 ዓ.ም. በአፋር ምድር በሐዳር የተገኘችው ይህች ቅሪት 3.2 ሚሊዮን ዓመት ዕድሜ ያላት ናት፤ ምስለ ቅርጿም ለሕዝብ ይታያል። እንግዳው ከየትኛውም አገር ቢመጣ በዚህ ክፍል ውስጥ እንግድነቱ ይቀርለታል፤ የሚያየው የሰውን ዘር ሁሉ የጥንት ዘመድ ነውና።

አሁን የምሳ ሰዓት ደርሷል። ስለ ምግብ ስናስብ በመጀመሪያ ሊታይ የሚገባው ቀኑ ነው። ረቡዕና ዓርብ፥ እንዲሁም በ55ቱ የዐቢይ ጾም ቀናት፥ ብዙ ቤቶች የጾም ምግብ ያዘጋጃሉ። ይህን እንደ ችግር አድርጎ ይቅርታ የሚጠይቅ አስተናጋጅ አይተናል። ነገሩ ግን የተገላቢጦሽ ነው፤ የጾም በያይነቱ፥ ይኸውም ምስሩ፥ ክኩ፥ ጎመኑ፥ ሽሮው፥ ስልጆውና የሱፍ ፍትፍቱ በአንድ እንጀራ ላይ ሲሰለፍ፥ ሥጋ ለማይበላ እንግዳ እንዲህ ያለ ማዕድ በብዙ አገር አይገኝም። በፍስክ ቀን ዶሮ ወጥ ይቅረብ፤ ሽንኩርቱ ብዙ ሰዓት እየተቁላላ፥ ዶሮዋም በ12 ብልት እየተለየች የምትሠራ መሆኗ ቢነገረው፥ እንግዳው በመጉረስ ብቻ ሳይሆን በማክበርም ይበላታል። ክትፎ ሲታዘዝ ከአይቡና ከጎመኑ ጋር ቆጮው እንዳይረሳ፤ ቆጮ የሚገኘው ከእንሰት መሆኑን፥ እንሰትም በደቡብና በጉራጌ ምድር የብዙ ሚሊዮን ሕዝብ ቀለብ መሆኑን ማስረዳት ተገቢ ነው።

እዚህ ላይ ሦስት ነገሮችን ልናሳስብ እንወዳለን። አንደኛው፥ እንግዳው እስላም የሆነ እንደ ሆነ የእስላም ሥጋ ከሚቀርብበት ቤት መወሰድ አለበት፤ ይህንንም ማዕድ ከቀረበ በኋላ ሳይሆን ቀደም ብሎ በትሕትና መጠየቅ ነው። ሁለተኛው፥ ጥሬ ሥጋ ለእኛ የክብር ግብዣ ቢሆንም ኮሶ ሊያስይዝ ስለሚችል፥ ያልለመደውን ሰው «ካልቀመስህ» ብሎ ማስገደድ አይገባም፤ ክትፎውም ለብ ለብ ተደርጎ ወይም በስሎ ሊቀርብለት ይችላል። ሦስተኛው፥ በርበሬና ሚጥሚጣ የማይችል ሰው እንባው ሲፈስ እያዩ መሳቅ ጨዋነት አይደለም፤ አልጫ ወጥ የተሠራው ለዚህ ነው። ጉርሻም ቢሆን የፍቅር ምልክት መሆኑ ከተነገረው በኋላ አንዴ ይበቃዋል።

ከምሳ በኋላ ወደ ፒያሳ ይወረዳል። በአራዳ የቆመው የቅዱስ ጊዮርጊስ ካቴድራል፥ የዳግማዊ ምኒልክ ሐውልት፥ በየካቲት 2016 ዓ.ም. የተመረቀው የዐድዋ ድል መታሰቢያ፥ ሁሉም በአጭር የእግር መንገድ ይዳረሳሉ። የምኒልክን ሐውልት ፋሺስቶች ነቅለው ቀብረውት እንደ ነበረና ከነጻነት በኋላ ወደ ቦታው እንደ ተመለሰ ያልተነገረው እንግዳ፥ ያየው ፈረስና ፈረሰኛ ብቻ ነው። እቴጌ ጣይቱ ያቋቋሙት የመጀመሪያው ዘመናዊ ሆቴልም ከዚያው አጠገብ ነው፤ በጥር 2007 ዓ.ም. እሳት ቢጐዳውም ስሙና ታሪኩ አልተቃጠለም።

ስለ ፒያሳ ስንናገር አንድ እውነት መሸሸግ አይገባንም። በ2016 ዓ.ም. በተጀመረው የመንገድ ዳር ልማት ብዙ አሮጌ ቤቶችና ሱቆች ተነሥተዋል፤ ነዋሪዎቹም ወደ ሌላ ሰፈር ሄደዋል። ከተማ ማደስ አስፈላጊ ነው፤ ሰፊው መንገድና የእግረኛው መሄጃም ለዓይን ያምራል። ነገር ግን ትናንት በዚያ ሰፈር ምን እንደ ነበረ የሚያውቅ ወጣት ከሌለ፥ ከቤቱ ጋር ትዝታውም አብሮ ይፈርሳል። ዛሬ ሳናውቀው ያለፍነውን ነገ ለማወቅ ብንፈልግ ላናገኘው እንችላለን። ከተማን የማወቅ ጉዳይ ለእንግዳ ብቻ ሳይሆን ለራሳችን የሚያሰጋ የሆነውም ስለዚህ ነው።

ለአፍሪካ እንግዶች ከሁሉ በፊት የአፍሪካ አዳራሽ መታየት አለበት። የአፍሪካ አንድነት ድርጅት ግንቦት 17 ቀን 1955 ዓ.ም. የተመሠረተው በዚህ አዳራሽ ሲሆን፥ አፈወርቅ ተክሌ በባለ ቀለም መስተዋት የሠሩት የአፍሪካ ያለፈ፥ የአሁንና የወደፊት ሕይወት ሥዕል 150 ካሬ ሜትር ስፋት አለው። ግቢው የተባበሩት መንግሥታት የኢኮኖሚ ኮሚሽን ስለ ሆነ አስቀድሞ ቀጠሮ መያዝ ያሻል። ቀጠሮ መያዝ ደግሞ የወጣት ሠራተኛ ሙያ ነው።

ከማታ በፊት ቡና አለ። ቡና የተገኘባት አገር ዋና ከተማ ማኪያቶ ብቻ አጠጥታ እንግዳ ብትሸኝ ያሳፍራል፤ ማኪያቶው መልካም ነው፥ ነገር ግን በጀበና የተፈላው ከአቦል እስከ በረካ ሲጠጣ ጊዜ ይወስዳል፤ ያ ጊዜም የጨዋታ ጊዜ ነው። እንግዳ ስለ አገር የሚገባው ነገር ከማብራሪያ ይልቅ በዚህ ጨዋታ መካከል ነው። ጠጅ ለማይጠጣ ሰው ብርዝ እንዳለም አይረሳ። ደግሞም «ነገ በ2 ሰዓት እንገናኝ» ሲባል የእኛ 2 ሰዓት በውጭ አገር አቈጣጠር ጠዋት 8 መሆኑን ያልነገርነው እንግዳ፥ ቢቀር ጥፋቱ የእሱ አይደለም።

እስከ አሁን የተናገርነው ከውጭ አገር ስለሚመጣው ነው። ሌላ እንግዳ ግን አለ። ከየክልሉ፥ ከገጠሩ፥ ለሕክምና ወይም ለፍርድ ቤት ጉዳይ የሚመጡ እናትና አባት፥ አጎትና አክስት፥ ሁለት ሳምንት ሰንብተው የሚመለሱት የሆስፒታሉን ወረፋ፥ የመሥሪያ ቤቱን ኮሪደርና የጠበበውን የኪራይ ቤት አይተው ነው። ለባዕድ እንግዳ መኪና ስናዘጋጅ፥ ለእነርሱ የአንድ እሑድ የታክሲ ሂሳብ ማውጣት ሊከብደን አይገባም። ግብር የከፈሉባት፥ ልጆቻቸውን ያስተማሩባት ዋና ከተማ የእነርሱ ናት። እንጦጦ ማርያምን ተሳልመው፥ ወይም በመርካቶ አንዋር መስጊድ ሰግደው፥ የራጉኤል ቤተ ክርስቲያንና መስጊዱ እንዴት ጎረቤት ሆነው እንደሚኖሩ አይተው ቢመለሱ፥ ለመንደሩ ሰው የሚያወሩት ከወረፋው ሌላ ነገር ይኖራቸዋል። እነርሱም በፋንታቸው ስለ ዱሮው ዘመን የሚነግሩን ነገር ከቤተ መዘክሩ ጽሑፍ ላይ አይገኝም።

ስለዚህ ወጣቶች ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን ይህን እንዲሞክሩ እናሳስባለን። ትእዛዙ እስኪመጣ ሳይጠብቁ፥ አንድ የዕረፍት ቀን ለይተው፥ ማስታወሻ ይዘው፥ ከእንጦጦ እስከ ፒያሳ በእግርና በታክሲ ይውረዱ። በየሐውልቱ ሥር ያለውን ጽሑፍ ያንብቡ፤ በየሰፈሩ ያሉትን ሽማግሌዎች ይጠይቁ፤ የትኛው ቤት ሽሮው እንደሚጥምና የትኛው ቤት ንጹሕ እንደ ሆነ ራሳቸው ቀምሰው ይለዩ። ለዚህ ትምህርት ዲግሪ አይሰጥበትም። ነገር ግን እንግዳ በመጣ ቀን ፈተናው ይቀርባል፤ የሚወድቀውም አንድ ሠራተኛ ብቻ ሳይሆን የከተማው ስም ነው።